ግልጽ ደብዳቤ፦ ስለ ኢኮኖሚው ስታስጠነቅቁም ሆነ ስታረጋጉ ስሌቱን አብራችሁ አቅርቡልን

ለተከበራችሁ፦ ስለ አገሪቱ ኢኮኖሚ በአደባባይ ለምትናገሩ የመንግሥት ኃላፊዎች፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትና የፖለቲካ ፓርቲ መሪዎች

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በአዲስ አበባ በአነስተኛና መካከለኛ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶች ውስጥ ሒሳብ የምንይዝና የባንክና የጉምሩክ ጉዳይ የምናስፈጽም ሠራተኞች ነን። የኤል.ሲ. (ባንክ ለውጭ ሻጭ ክፍያ የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ማመልከቻ የምንሞላው፣ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የዕቃ ማስታወቂያ ሰነድ) የምናስጨርሰው፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የግብር ማስታወቂያውን የምናዘጋጀው እኛ ነን። አንድ ኃላፊ ማታ በቴሌቪዥን የተናገረው ነገር ጠዋት የዕቃ ዋጋ ሆኖ ሲወጣ በቅድሚያ የሚታየን በያዝነው መዝገብ ላይ ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ኢኮኖሚው የሚነገረው ሁሉ በሁለት ጫፍ ተወጥሮ መቅረቱ ነው። አንዱ ወገን ኢኮኖሚው ሊፈርስ ነው፣ ብር ወረቀት ሊሆን ነው፣ ባንኮች ሊዘጉ ነው ይላል። ሌላው ወገን ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም፣ ዋጋ የሚጨምረው ስግብግብ ነጋዴ ነው ይላል። ሁለቱም ምን ያህል፣ መቼና በምን መንገድ እንደሆነ አይናገሩም። ንግግሩ ግን እንዲሁ አየር ላይ አይቀርም። የሰማው ሰው ገንዘቡን ከባንክ ያወጣል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ሱቁን ይዘጋል፤ ተቆጣጣሪውም ሱቅ ያሽጋል። ወጪው ተናጋሪው ላይ አያርፍም። የሚያርፈው በደመወዝ በሚኖረው ሰውና ትንሽ ካፒታል በያዘው ነጋዴ ላይ ነው።

የሆነውን እናስታውስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ከሃምሳ ሳንቲም ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መግዣ 74.73 ብር ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ባካሄደው ልዩ ጨረታ አማካይ ዋጋው 107.9 ብር ደረሰ። ዶላር በዐሥር ቀን ውስጥ በእጥፍ ሊጨምር ጥቂት ነው የቀረው። ከዚህ ጋር ከዓለም የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚለቀቅ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ጸደቀ።

በዚያን ሰሞን ገደብ የለሽ የዋጋ ንረት ይመጣል ያሉ ፖለቲከኞች ነበሩ። አልመጣም። በስታቲስቲክስ አገልግሎት መረጃ መሠረት በሰኔ 2016 ዓ.ም. 19.9 በመቶ የነበረው ዓመታዊ የዋጋ ንረት በሰኔ 2017 ዓ.ም. 13.9 በመቶ ሆነ። ሕዝቡ ላይ የሚመጣ ጫና የለም ያሉትም ተሳስተዋል። የንረቱ መጠን ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለምና። በሰኔ 2016 በ100 ብር የተገዛው አስቤዛ በሰኔ 2017 113 ብር ከ90 ሳንቲም ሆኗል፤ ያ 100 ብርም ራሱ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ንረቱ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ከ37 በመቶ ባለፈበት ጊዜ ጭምር፣ ተከማችቶ የመጣ ነው። መጠኑ ቀነሰ ብሎ የሚደሰት ባለሥልጣንና ቤቷ ውስጥ ዘይት የምትቆጥብ እናት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያወሩ ነው፤ ይህን ልዩነት ለሕዝቡ በቅንነት ያስረዳ ኃላፊ ግን ብዙ አላየንም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን የገበያው ዋጋ ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያ ተመን የተሰላ ስለሆነ የሚጨምርበት ምክንያት የለም በሚለው ማረጋጊያ ላይ ነው። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ገዝቶ በፍራንኮ ቫሉታ (ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቅ) ያስገባ ነጋዴ ለዕቃው በእርግጥ 115 ብር ገደማ ከፍሏል። ጉምሩክ ግን ቀረጡን ያሰላበት የነበረው በባንክ ተመን ነው። የ10,000 ዶላር ዕቃ ወስደን እናስላው፤ ለስሌት እንዲመች አዲሱን የባንክ ተመንም 115 ብር እናድርገው።

በ57.50 ተመን የዕቃው ዋጋ በጉምሩክ 575,000 ብር ነው። ቀረጡ 30 በመቶ ከሆነ 172,500 ብር። በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት 112,125 ብር። በዚያ ሁሉ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ታክስ) 85,962.50 ብር። በዕቃው ዋጋ ላይ 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (በቅድሚያ የሚያዝ የገቢ ግብር) እና 3 በመቶ ማኅበራዊ ቀረጥ እያንዳንዳቸው 17,250 ብር። ዕቃው ከጉምሩክ እንዲወጣ የሚከፈለው በጠቅላላው 405,087.50 ብር ይሆናል። ተመኑ 115 ሲገባ ሁሉም መስመር እጥፍ ይሆንና 810,175 ብር ይደርሳል። ቫቱና ዊዝሆልዲንጉ ኋላ ላይ የሚካካስ ስለሆነ ከስሌቱ እናውጣው። ያም ሆኖ ዶላሩን ከመጀመሪያውም በ115 የገዛው ነጋዴ ወጪ ከ1,425,712 ወደ 1,701,425 ብር፣ ማለትም ወደ 19 በመቶ ከፍ ይላል። ዶላሩን ከባንክ በ57.50 ያገኘው ነጋዴ ደግሞ ሙሉ እጥፍ ይከፍላል። ስለዚህ ሊጨምር የሚገባው ዋጋ ዜሮም አልነበረም፣ ለሁሉም ዕቃ እጥፍም አልነበረም። በመካከል ያለውን እየለዩ ዕቃ በዕቃ መናገር ይቻል ነበር። ስላልተነገረ ተቆጣጣሪው ሁሉንም ጭማሪ ወንጀል አድርጎ አየ፣ አንዳንዱ ነጋዴ ደግሞ ሁሉንም ዕቃ እጥፍ አደረገ።

ከዚህ የሚቀጥለው በመዝገባችን ላይ ከሁሉ የከበደው ነው። በነሐሴ 2016 ዋጋ ጨምራችኋል እየተባለ በርካታ ሱቆች ታሸጉ። ዕቃ የደበቀ፣ በሌለው ሰበብ ዋጋ የሰቀለ ነጋዴ እንደነበረ አንክድም፤ እሱን መጠየቅም ተገቢ ነው። ነገር ግን በየሱቁ የዞረው ተቆጣጣሪ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ይህን ዕቃ ስንት ገዛኸው? የድሮውን ደረሰኝ አይቶ፣ ትንሽ ትርፍ ጨምሮ፣ ከዚህ በላይ አትሽጥ ይላል። ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ይህን ዕቃ ሸጠህ ነገ በስንት ትተካዋለህ የሚለውን፣ የጠየቀ አልነበረም።

በሒሳብ እንየው። አንድ አከፋፋይ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እያንዳንዱን በ1,000 ብር የገዛው 1,000 ካርቶን መጋዘኑ ውስጥ አለ። የመተኪያ ዋጋው 2,000 ብር ሆነ። የታዘዘውን አክብሮ በ20 በመቶ ትርፍ፣ በ1,200 ብር ይሸጣል። 1,200,000 ብር ይሰበስባል፤ 200,000 ብር አተረፍክ ተብሎ 30 በመቶ ግብር፣ 60,000 ብር ይከፍላል። በቀረው 1,140,000 ብር 570 ካርቶን ይገዛል። ከ1,000 ካርቶን 430ው ጠፋ ማለት ነው፤ መዝገቡ ግን ትርፍ ይላል። እስቲ ታዛዥ አይሁንና በ1,900 ይሽጥ። ስግብግብ የሚባለው ይሄኛው ነው። 900,000 ብር ትርፍ ይመዘገብበታል፣ 270,000 ብር ግብር ይከፍላል፣ በቀረው 1,630,000 ብር 815 ካርቶን ይተካል። እሱም 185 ካርቶን ከስሯል። ይህ ሁሉ የሱቅ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የጫኝና አውራጅ ሳይቀነስ ነው።

የቀነሰው ካርቶን የነጋዴው ጉዳት ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ወር ገበያ ላይ የሚጎድለው ዕቃ ያ ነው፤ ሲጎድል ደግሞ የተረፈው ይወደዳል። ይህ አዲስ ትምህርትም አይደለም። ብር በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ከተዳከመ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎች መሠረታዊ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፉ፣ ሰልፍ መጣ፣ አብዛኛው ጣሪያም ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሣ። ያን ጊዜ ሒሳብ ስንይዝ የነበርን ሰዎች ዛሬም በሥራ ላይ ነን። የጠየቀን ቢኖር እንነግር ነበር።

ከአቅርቦት ብድር ጋር የተያያዘው ጉዳይ ደግሞ ለጤና የሚተርፍ ነው። መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ የሚያስመጡ ድርጅቶች ዶላር በማይገኝበት ዘመን የውጭ አምራቹን በዱቤ ላክልኝ ብለው፣ ከወራት በኋላ በዶላር ሊከፍሉ ተዋውለው ነው የኖሩት። ዕዳው 50,000 ዶላር ቢሆን በ57.50 ሲሰላ 2,875,000 ብር ነው። አስመጪው ዕቃውን በ25 በመቶ ጭማሪ ለመድኃኒት ቤቶችና ለክሊኒኮች ሸጦ 3,593,750 ብር ሰበሰበ እንበል። የመክፈያው ቀን ሲደርስ ተመኑ 115 ከሆነ 5,750,000 ብር ይጠየቃል። የጎደለው 2,156,250 ብር ነው። ታካሚው መድኃኒቱን ወስዶ ጨርሶታል፤ ተመልሶ ጨምር አይባልም። መንግሥት በተሐድሶው መግለጫ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒትና ለምግብ ዘይት ድጎማ እንደሚያደርግ ተናግሮ ነበር። በዱቤ ገብቶ የተሸጠው መድኃኒት ዕዳ በየትኛው ተመን እንደሚዘጋ አስመጪው ባንኩን ሲጠይቅ ግን መመሪያ አልደረሰንም የሚል መልስ ነበር የሚያገኘው። የለውጡን ሐሳብ የሚቃወሙትም ቢሆኑ በአዳራሽ ስለ አገር መፍረስ ሲናገሩ ይህን ተጨባጭ ችግር አንሥተው መፍትሔ ሲያቀርቡ አልሰማንም።

ለመንግሥት ጨረታ አሸንፈው የነበሩትም እንዲሁ ነው የሆኑት። በሰኔ በ57 ተመን ዋጋ አቅርቦ ያሸነፈ ነጋዴ በነሐሴ በዚያው ዋጋ አቅርብ ይባላል። ካላቀረበ የውሉ 10 በመቶ የሆነው የውል ማስከበሪያ ይወረሳል፣ ከጨረታም ይታገዳል።

የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነገርም አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ተገድበው ነበር፤ ገደቡ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። 20,000 ዶላር ለመግዛት 1,150,000 ብር ይበቃው የነበረ አስመጪ 2,300,000 ብር ሲያስፈልገው ከባንክ የሚያገኘው ኦቨርድራፍት (በሒሳቡ ካለው በላይ እንዲያወጣ የሚፈቀድለት ብድር) ባለበት ቆመ። ገደቡ የዋጋ ንረትን ለመቀነስ እንደረዳ እናምናለን። ነገር ግን የውጭ ምንዛሪ አሁን በገፍ አለ ተብሎ ሲነገር፣ ዶላሩ ኖሮ ብሩ የጠፋበት ነጋዴ እንዳለ አብሮ ሊነገር ይገባ ነበር። ትልቁ አስመጪ ጥሬ ገንዘብ አለው፤ ከመስመሩ የወጣው ትንሹ ነው።

አሁን ወደ አስጠንቃቂዎቹ። ማስጠንቀቅ መብታችሁ ብቻ ሳይሆን ግዴታችሁም ነው። የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ ከአንድ ወር የገቢ ንግድ በታች በወረደበት፣ አገሪቱ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የዩሮ ቦንድ (ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደረችበት ሰነድ) ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል በቀረችበት ጊዜ ዝም ያለ ፖለቲከኛ ቢኖር ያስወቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር አሊስቴር ዳርሊንግ የገጠማቸው ሁኔታ በ60 ዓመት ውስጥ የከፋ ሊባል እንደሚችል ሲናገሩ ከራሳቸው ፓርቲ ሳይቀር ተወቀሱ፤ የፓውንድ ዋጋም ወረደ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ትልቁ የአሜሪካ ባንክ ሌማን ብራዘርስ ሲከስር እውነት እንደተናገሩ ታወቀ። ስለዚህ ዝም በሉ አንላችሁም።

የምንላችሁ ሌላ ነው። ያልተሟላ ንግግር በራሱ ጉዳት ያደርሳል። በጥር 2013 ዓ.ም. መንግሥት የትላልቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ በሆነው ቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ሊጠይቅ እንደሆነ ሲሰማ፣ የቦንድ ባለቤቶች ይካተቱ አይካተቱ በግልጽ ስላልተነገረ የኢትዮጵያ ቦንድ ዋጋ በዚያው ዕለት አሽቆለቆለ። በአገር ውስጥ ገበያም የምናየው ይኸው ነው። አንድ ታዋቂ ፖለቲከኛ ብር ሊወድቅ ነው ባለ ማግስት ለ15 ቀን ያገለግል የነበረው ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ለ24 ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ አልፎ ዋጋ በቃል ብቻ ይነገራል። አከፋፋዩ ዕቃ የለም ብሎ መጋዘኑን ይቆልፋል። ቤት የሚሠራው ሰው የማያስፈልገውን ብረትና ሲሚንቶ አስቀድሞ ይገዛል። ዕቁብ የደረሰው ገንዘቡን ይዞ ዶላር ፍለጋ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ ዋጋው ተሰቅሎ ሲገኝ ተናጋሪው ያልኩት ደረሰ ይላል። ካደረሱት ነገሮች አንዱ የራሱ ንግግር መሆኑን ግን አያነሣም።

ስለ ባንኮች የሚነገረው ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባንክ የቆጣቢውን ገንዘብ ለሌላ አበድሮ የሚኖር ተቋም ነው፤ ጤነኛውም ቢሆን ደንበኛው ሁሉ በአንድ ቀን ቢመጣበት አይችልም። ባንኮች ሊዘጉ ነው የሚል ሰው ስለ የትኛው መለኪያ እንደሚናገር መግለጽ አለበት፦ ስለ ካፒታሉ ነው? ስለተበላሸ ብድሩ ነው? ወይስ በእጁ ስላለው ጥሬ ገንዘብ? በአንድ ባንክ ውስጥ እስከ 100,000 ብር ያለው ተቀማጭ በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የተሸፈነ መሆኑንም አብሮ ይናገር። ይህን የማያውቅ ጡረተኛ በወሬ ደንግጦ ያወጣውን ገንዘብ ሌባ ወይም የዋጋ ንረት ይወስድበታል።

የነዳጁን በአጭሩ እናንሣ። አንድ ሊትር ቤንዚን በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ ከሦስት ወር በኋላ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆኖ ነበር። ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንደሚነሣ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሚጨምርበት ቀን ግን በወሬ ስለሚሰማ ማደያዎች ቀደም ብለው ይደርቃሉ፣ ሰልፉ መንገድ ይዘጋል፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያመጣው የጭነት መኪናም ዋጋውን ገና ላልመጣው ጭማሪ ያስከፍላል።

ስለሆነም የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ስለ ኢኮኖሚ ድቀት የምታስጠነቅቁም ሆነ ሕዝቡን የምታረጋጉ ሁሉ የትኛውን መለኪያ ይዛችሁ እንደምትናገሩ፣ ዛሬ ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ ምን ይደርሳል እንደምትሉና ከዚያ ወደ ገበያ በምን መንገድ እንደሚመጣ አብራችሁ ግለጹ። የውጭ ምንዛሪ ክምችት በስንት ወር የገቢ ንግድ እንደሚለካ፣ በዓመቱ የሚከፈለው የውጭ ዕዳና የመክፈያው ወር አስቀድሞ በታወቀ ቀን በየወሩ ለሕዝብ ይውጣ። ቀኑ የታወቀ መረጃ ካለ ወሬ ቦታ አያገኝም።

በዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሱቅ ከመታሸጉ በፊት ነጋዴው የመጨረሻውን የግዢ ደረሰኝ፣ ዲክላራሲዮኑንና የመተኪያ ዋጋውን የሚያሳይ ፕሮፎርማ እንዲያቀርብ ዐሥር የሥራ ቀን ይሰጠው። መርማሪውም ከላይ ያሰላነውን ዓይነት ስሌት ሠርቶ ውሳኔውን በጽሑፍ ይስጥ፤ ነጋዴው ይግባኝ ሊል የሚችለው የተጻፈ ነገር ሲኖር ነው።

ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ተገዝቶ ከዚያ በኋላ በተሸጠ ዕቃ ላይ የተገኘውን፣ ከተመን ለውጥ ብቻ የመጣውን ትርፍ ለይቶ ይይ። ምሕረት አልጠየቅንም። ግብሩ ቢያንስ ያለ ወለድና ያለ ቅጣት በክፍያ መርሐ ግብር እንዲከፈል፣ ለወደፊቱም ተመን በአንድ ጊዜ በሰፊው ሲለወጥ የሚሠራ ቋሚ መመሪያ እንዲወጣ ነው የምንጠይቀው።

ከለውጡ በፊት በአቅርቦት ብድር የገባ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ዕዳ ገና ያልተዘጋላቸው አስመጪዎች ካሉ ባንኮች በረጅም ጊዜ ክፍያ እንዲያስተናግዷቸው መመሪያ ይሰጥ፤ ይህ ብድር ከዕድገት ገደቡ ውጭ ይያዝ። ከለውጡ በፊት በተፈረሙ የመንግሥት ግዢ ውሎች የውል ማስከበሪያ የተወረሰባቸውና የታገዱ አቅራቢዎች ጉዳይም ዳግም ይታይ።

የነዳጅ ዋጋ የሚከለስበት ቀን በየወሩ አንድ ቋሚ ቀን ይሁን፤ ጭማሪው የሚሰላበት ቀመርም ይታተም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጉዳዩ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ ጠርቶ መንግሥትም ተፎካካሪ ፓርቲዎችም የየራሳቸውን ስሌት በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ነጋዴዎች፣ የሸማቾች ማኅበራትና የሒሳብ ባለሙያዎች ይጠይቋቸው። ከተጠራን የደንበኛን ምሥጢር ጠብቀን፣ ስም አውጥተን፣ የግዢ፣ የቀረጥና የሽያጭ ሰነዶችን በአንድ ሳምንት ውስጥ አደራጅተን ለማቅረብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር

በአዲስ አበባ በአነስተኛና መካከለኛ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶች የምንሠራ የሒሳብ ሠራተኞች፣ የባንክና የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚዎች